«ድርሰት»፣ «መጣጥፍ»ና «ረቂቅ»፦ የእንግሊዝኛ ክፍል ስያሜዎች አመጣጥና የአማርኛ አቻዎቻቸው

1. መግቢያ

አንድ ስያሜ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚሻገረው ቃሉ ብቻ አይደለም። ስያሜው የተሰጠው ሥራ፣ ሥራውን ያስፈለገው ምክንያትና ሥራው የተከናወነበት ተቋም ታሪክ አብረውት ይጓዛሉ። በመሆኑም አቻ ስያሜ የሚያወጣ ሰው ቃሉን ከመምረጡ አስቀድሞ ነገሩን መመርመር ይኖርበታል። ይህ መርሕ በሳይንስና በቴክኒክ ስያሜዎች ረገድ በሰፊው የታመነበት ሲሆን፣ ለትምህርት ቤት ስያሜዎች ግን እምብዛም ሲሠራበት አይታይም። የትምህርት ቤት ቃላት ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው ስለሚመስሉ ምርመራ የሚያሻቸው ሆነው አይታዩም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በእንግሊዝኛ ክፍል ጎን ለጎን የሚሰጡ ሁለት ሥራዎችን ነው። አንደኛው አጭር ልብ ወለድ አንብቦ መተንተን ሲሆን፣ ሁለተኛው ተማሪው ለኮሌጅ የሚያቀርበውን «ኤሴይ» ማርቀቅ ነው። ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ ቢመስልም በሁለት በኩል ይመለከተናል። በመጀመሪያ፣ እንግሊዝኛ በአገራችን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ በመሆኑ፣ የእንግሊዝኛ ክፍል ስያሜዎች በአማርኛ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ቃላት ላይ አሻራቸውን ትተዋል። በሁለተኛ ደረጃ፣ በአሜሪካ የሚኖሩ የአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ልጆች ይህንኑ ኤሴይ ይጽፋሉ። በዋሽንግተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከወጣ ወዲህ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሰነዶች ከሚተረጐሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ለወላጅ የሚላክ የትምህርት ቤት ማስታወቂያ የሚተረጕም ሰው «ኤሴይ» ከሚለው ቃል ሲደርስ በቅድሚያ የሚመጣለት «ድርሰት» የሚለው ነው።

እኛ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ይህ ነው፤ «ኤሴይ» የሚለው ስም በአሜሪካ ትምህርት ቤት በመቶ ሃምሳ ዓመት ውስጥ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን ሲጠራ ኖሯል። ስለዚህ አንድ የአማርኛ ቃል ለሦስቱም አይበቃም፤ አቻው መመረጥ ያለበት በእንግሊዝኛው ቃል ሳይሆን በሥራው ነው።

2. «ኤሴይ» ወደ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊትና በኋላ

ቃሉ የመጣው ከፈረንሳይኛ ሲሆን ትርጉሙ «ሙከራ» ነው። ከዚያም ወደ ኋላ ሲኬድ መመዘንን ከሚያመለክት የላቲን ቃል ይደርሳል። የጽሑፍ ዓይነት መጠሪያ ያደረገው ፈረንሳዊው ሚሼል ደ ሞንቴኝ ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ1580 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ሞንቴኝ አንድን ርእሰ ጉዳይ አንሥቶ አስረግጦ ከመደምደም ይልቅ በራሱ አእምሮና ኑሮ ሚዛን እየመዘነ ይሞክረዋል። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ቤከን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1597 በዚሁ ስም ዐሥር አጫጭር ጽሑፎችን አሳተመ። የቤከን ጽሑፎች ስለ ራሱ የሚያወጉ ሳይሆኑ ሐሳብን ቋጥረውና አሳጥረው የሚያቀርቡ ናቸው። ከዚህ እንደምንረዳው ቃሉ ገና ከጅምሩ ሁለት ፊት ነበረው፤ አንደኛው ስለ ራስ እያወጉ መመርመር፣ ሌላው ስለ አንድ ጉዳይ አጥብቆ መከራከር ነው። ከሁለቱም አንዱ ለፈተና ወይም ለትምህርት ቤት የታሰበ አልነበረም።

በአሜሪካ እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ ወደ ኮሌጅ መግቢያው በር በዋናነት የላቲን፣ የግሪክኛና የሒሳብ ዕውቀት ነበር። ይህ ሁኔታ መለወጥ የጀመረው የሃርቫርድ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ1874 ጀምሮ እያንዳንዱ አመልካች አጭር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እንዲጽፍ በደነገገ ጊዜ ነው። የጽሑፉ ርእስ የሚወጣው አስቀድመው ከተነገሩ የታወቁ ሥራዎች ነበር። ለመጀመሪያው ዓመት ከተመደቡት ውስጥ የሼክስፒር ሦስት ተውኔቶች፣ የጎልድስሚዝ አንድ ልብ ወለድና የዋልተር ስኮት ሥራዎች ይገኙበታል። መመዘኛውም የፊደል አጣጣል፣ የሥርዓተ ነጥብ፣ የሰዋስውና የአገላለጽ ትክክለኛነት ነበር።

ይህ ደንብ ማንበብንና መጻፍን በአንድ ገመድ አሰራቸው። ከዚያ በኋላ ተማሪው መጽሐፉን የሚያነብበት አንዱ ምክንያት ስለ መጽሐፉ ለመጻፍ ሆነ፤ የሚጽፈውም ስለ መጽሐፉ ያለውን አስተያየት ለማስረዳት ብቻ ሳይሆን እንግሊዝኛን ያለ ስሕተት መጻፉን ለማስመስከር ነበር። ይህን ሥርዓት በሃርቫርድ ያደራጀው መምህር አዳምስ ሸርማን ሂል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1885 ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ የግዴታ የሆነው የጽሕፈት ትምህርት የዚሁ ጥረት ውጤት ነው።

ሌሎች ኮሌጆችም የየራሳቸውን የመጻሕፍት ዝርዝር ማውጣት ጀመሩ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንድን ተማሪ ለዚህኛው ኮሌጅ በአንድ ዝርዝር፣ ለዚያኛው በሌላ ዝርዝር ለማዘጋጀት በመገደዳቸው ችግሩ እየጠና ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1894 ዝርዝሩን አንድ ወጥ ለማድረግ ጉባኤ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1900 የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ቦርድ ተመሠረተና በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያውን ፈተና ሰጠ። ሆኖም የዝርዝሩ አንድ መሆን የመምህራኑን ቅሬታ አላበረደም። ምን ይነበብ፣ ስለ ምንስ ይጻፍ የሚለውን የሚወስኑት ተማሪዎቹን የማያውቋቸው ኮሌጆች ነበሩ። አብዛኛው ተማሪ ኮሌጅ የማይገባ ሆኖ ሳለ የሁሉም ትምህርት ለጥቂቶቹ ፈተና ተሰፍቶ ነበር። ይህ ተቃውሞ እ.ኤ.አ. በ1911 በቺካጎ የእንግሊዝኛ መምህራን ብሔራዊ ምክር ቤት እንዲመሠረት ካደረጉት ምክንያቶች ዋነኛው ነው።

እንግዲህ «ኤሴይ» በትምህርት ቤት የጠራው የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነው፤ በተመደበ መጽሐፍ ላይ ተመሥርቶ የቋንቋ ትክክለኛነትን የሚያሳይ የፈተና ጽሑፍ።

3. ስለ «ቲም» የሚገባ ማስጠንቀቂያ

በዚያ ዘመን ተማሪው ለመምህሩ የሚያስረክበው ወረቀት ከ«ኤሴይ» ይልቅ «ቲም» እየተባለ መጠራቱ የተለመደ ነበር። የሃርቫርዱ ባሬት ዌንደል በ1880ዎቹ ተማሪዎቹን በየቀኑ አንዳንድ አጭር ጽሑፍ ያስጽፋቸው ነበር፤ እነዚህም «ዕለታዊ ቲሞች» ተብለው ይታወቃሉ። «ቲም» በመነሻው «የተሰጠ ርእሰ ነገር» ማለት ሲሆን፣ የርእሱ ስም ቀስ በቀስ ወደ ወረቀቱ ተላለፈ።

ይኸው ቃል በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ውስጥ ደግሞ የአንድን ታሪክ ማእከላዊ ሐሳብ ያመለክታል። ለዚህኛው ትርጉም አማርኛ «ጭብጥ» የሚል ያማረ አቻ አለው። ቃሉ «ጨበጠ» ከሚለው ግሥ የወጣ በመሆኑ፣ ታሪኩ በእጁ ጨብጦ የያዘው፣ አንባቢውም ጨብጦት የሚሄደው ማለት ነው። ይሁን እንጂ «ጭብጥ» ለፊተኛው ትርጉም አይሆንም። ስለ አሜሪካ ትምህርት ታሪክ የሚተረጕም ሰው «ዕለታዊ ቲም»ን «ዕለታዊ ጭብጥ» ቢለው አንባቢው ምን እንደሚጻፍ፣ ማን እንደሚጽፈው ሊገባው አይችልም። በዚህ ቦታ የሚስማማው «ዕለታዊ ጽሑፍ» ነው። ይህ ትንሽ ምሳሌ አቻ ስያሜን በመዝገበ ቃላት ብቻ መፈለግ የት እንደሚያደርስ ያሳያል፤ የቃሉን ታሪክ ያልጠየቀ ተርጓሚ ከሁለቱ ትርጉሞች የትኛው እንደተፈለገ ሊለይ አይችልም።

4. አጭር ልብ ወለድ ወደ ክፍል የገባበት መንገድ

በፊተኞቹ የመጻሕፍት ዝርዝሮች ውስጥ ጎልተው የሚታዩት ተውኔት፣ ረጅም ግጥምና ረጅም ልብ ወለድ ናቸው። አጭር ልብ ወለድ ራሱን የቻለ ስም ያገኘውም ዘግይቶ ነው። ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1842 የናትናኤል ሆቶርንን የታሪኮች መድበል ሲገመግም፣ አጭር ትረካ በአንድ ቁጭታ ተነብቦ የሚያልቅና ሁሉም ነገሩ አንድ ስሜት ለማሳደር የተሰለፈ መሆን እንዳለበት አስረዳ። ብራንደር ማቲዩስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1885 በመጽሔት፣ እ.ኤ.አ. በ1901 በመጽሐፍ ባወጣው ጽሑፍ፣ አጭር የሆነ ታሪክ ሁሉ «አጭር ታሪክ» ተብሎ መጠራት እንደማይገባው ተከራከረ። ልዩነቱን ለማሳየትም ሁለቱን የእንግሊዝኛ ቃላት በጭረት አያይዞ በዐቢይ ፊደል ጀመራቸው፤ ተራ ቅጽልና ስም የነበሩትን በዚህ መንገድ አንድ ስያሜ ሊያደርጋቸው ሞከረ። ጭረቱ አልዘለቀም፤ ጽንሰ ሐሳቡ ግን ዘለቀ። ይህ ለስያሜ ሠራተኛ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ስያሜን የሚያጸናው የአጻጻፍ ምልክቱ ሳይሆን ከጀርባው ያለው የተጣራ ብያኔ ነው።

አጭር ልብ ወለድ ለክፍል የተመቸበት ምክንያት ግልጽ ነው። ፖ «በአንድ ቁጭታ» ያለው መጠን ከትምህርት ቤት ክፍለ ጊዜ ጋር ይስማማል። ዛሬ ማታ የተነበበ ታሪክ ነገ ጠዋት በአንድ ክፍለ ጊዜ ከመነሻው እስከ መድረሻው ሊመረመር ይችላል። የአመራመሩን መንገድ ከቀየሱት መጻሕፍት መካከል ክሊንዝ ብሩክስና ሮበርት ፔን ዋረን እ.ኤ.አ. በ1943 ያሳተሙት የልብ ወለድ ማስተማሪያ ይጠቀሳል። መጽሐፉ ታሪኮችን ከማብራሪያና ከጥያቄዎች ጋር አዛምዶ የሚያቀርብ ሲሆን፣ ትኩረቱ በደራሲው የሕይወት ታሪክ ላይ ሳይሆን በጽሑፉ አሠራር ላይ ነው። የትንተናው መሣሪያዎችም ከልዩ ልዩ ቦታ ተሰበሰቡ። የታሪክ ጡዘት መውጫና መውረጃ ጀርመናዊው ጉስታቭ ፍራይታግ እ.ኤ.አ. በ1863 ስለ ተውኔት ከጻፈው የተወሰደ ነው። በታሪክና በሴራ መካከል ያለው ልዩነትና የገጸ ባሕርያት «ጠፍጣፋ»ና «ክብ» መባል ደግሞ እንግሊዛዊው ኢ. ኤም. ፎርስተር እ.ኤ.አ. በ1927 ካሳተመው የመጣ ነው።

በዚህ ምክንያት «ኤሴይ» ሁለተኛ ሥራ ያዘ። ተማሪው አሁን የሚጠየቀው የቋንቋ ትክክለኛነት ብቻ ሳይሆን፣ አንድ ታሪክ እንዴት እንደተሠራ ማስረጃ ከጽሑፉ እየጠቀሰ መከራከር ነው።

የአማርኛውን ስንመለከት፣ «ልብ ወለድ» የሚለው ስያሜ በራሱ ታሪክ ያለው ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙትን መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው ሰየሙት፤ መጽሐፉ በኋላ «ጦቢያ» በሚለው ስም ይበልጥ ታወቀ፤ የፊተኛው ስም ግን የዘርፉ ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ልብ የወለደው፣ ማለትም በውጭ ያልተፈጸመ ነገር መሆኑን ቃሉ ራሱ ይናገራል። የዘመናዊው አማርኛ አጭር ልብ ወለድ ፈር ቀዳጅ ተብለው የሚታወቁት ታደሰ ሊበን ደግሞ «መስከረም»ን በ1949 ዓ.ም.፣ «ሌላው መንገድ»ን በ1952 ዓ.ም. አሳትመዋል። የማቲዩስ ችግር ለእኛም የቀረ አይደለም፤ «አጭር» የሚለው ቅጽል ርዝመትን ብቻ የሚናገር እንዳይመስል ሦስቱን ቃላት እንደ አንድ ስያሜ መያዝና ከ«አጭር ታሪክ» መለየት ይገባል።

የትንተና ስያሜዎቻችንም በመማሪያ መጻሕፍትና በሒስ ጽሑፎች እየተለመዱ የመጡ ሲሆን፣ አንዳንዶቹ የሚያስመሰግኑ ናቸው። «መቼት» ከ«መቼ»ና ከ«የት» ተዋሕዶ የተፈጠረ በመሆኑ ጊዜንና ቦታን በአንድ ቃል ይይዛል፤ የእንግሊዝኛው አቻ ይህን ያህል ራሱን አይገልጥም። «ገጸ ባሕርይ» ባሕርይ የሚታይበት ገጽ ነውና ሰውየውን ከነአመሉ ያሳያል። «ሴራ» ግን ማነጋገሩ አልቀረም። ቃሉ በተለመደው አነጋገር አድማንና ተንኮልን የሚያመለክት ነው፤ የእንግሊዝኛው ቃልም በአጋጣሚ እንደዚሁ ሁለቱንም ትርጉም ይይዛል። ስለዚህ ተማሪው «የታሪኩ ሴራ» ሲባል በታሪኩ ውስጥ የተጠነሰሰ ተንኮል መፈለግ ሊጀምር ይችላል። በዚህ ምክንያት የማረሻን መስመር የሚያመለክተውን «ትልም»ን የሚመርጡ አሉ። አራሽ ቀጣዩን ትልም የሚያወጣው የፊተኛውን ተከትሎ እንደሆነ ሁሉ፣ በታሪክም ውስጥ አንዱ ድርጊት ሌላውን ያስከትላልና ምርጫው መሠረት ያለው ነው።

5. «ረቂቅ»፦ ከአዋጅ ወደ ደብተር

ለረጅም ጊዜ የክፍሉ ልማድ እንዲህ ነበር፤ መምህሩ ርእስ ይሰጣል፣ ተማሪው አንድ ጊዜ ይጽፋል፣ መምህሩ በቀይ ቀለም አርሞ ነጥብ ይሰጣል። በ1970ዎቹ ይህ ልማድ በብርቱ ተተቸ። ጃኔት ኤሚግ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመችው ጥናት ስምንት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲጽፉ የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ በማድረግ የአጻጻፋቸውን ሂደት መረመረች። ዶናልድ መሪ በ1972 ጽሕፈት እንደ ውጤት ሳይሆን እንደ ሂደት ይሰጥ ሲል ጻፈ። በ1974 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርስቲ በበርክሊ የተጀመረው የጽሕፈት መምህራን ፕሮጀክት፣ መምህራን ራሳቸው እየጻፉ እርስ በርስ የሚማማሩበትን መንገድ ከፈተ። ከዚህ በኋላ ሐሳብ ማሰባሰብ፣ ማርቀቅ፣ መከለስና ማረም የየራሳቸው ጊዜና ስም ያላቸው ደረጃዎች ሆኑ፤ ተማሪውም አንዱን ጽሑፍ ሁለት ሦስት ጊዜ እንደገና መጻፍ ተለማመደ።

የአማርኛው «ረቂቅ» መሠረቱ «ቀጭን፣ ስስ» የሚል ነው። በቤተ ክህነት አነጋገር በዓይን የማይታየውን፣ በእጅ የማይዳሰሰውን ያመለክታል። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ደግሞ ረቂቅ አዋጅ፣ ረቂቅ ደንብ፣ አርቃቂ ኮሚቴ እንላለን። በዚህ አገባቡ ረቂቅ ማለት ባለሙያ ያዘጋጀው፣ መጽደቅን የሚጠባበቅ ሰነድ ነው። የክፍሉ ረቂቅ ግን መጽደቅን ሳይሆን መለወጥን የሚጠባበቅ ነው፤ ዋጋውም ተማሪው በሚቀጥለው ጊዜ በሚጥለውና በሚያክለው ይለካል። ስለዚህ ቃሉን መተው ሳይሆን አጠገቡ ያሉትን ቃላት በሥርዓት ማቆም ያስፈልጋል። «እርማት» የመምህሩ ሥራ፣ «ክለሳ» የጸሐፊው የራሱ ሥራ፣ «አርትዖት» ደግሞ የመጨረሻው የቋንቋ ጥራት ሥራ ተብለው ቢለዩ፣ «ረቂቁን ከልሰህ አምጣ» የተባለ ተማሪ ፊደል ብቻ አስተካክሎ አይመለስም። ከረቂቁ በፊት ለሚዘጋጀው የሐሳብ ቅደም ተከተልም «ቢጋር» የሚለው ቃል ተስማሚ ነው።

6. ስለ ራስ የሚጻፈው ጽሑፍ

ሦስተኛው የ«ኤሴይ» ሥራ አመልካቹ ለኮሌጅ ስለ ራሱ የሚጽፈው ነው። አመጣጡም ከትምህርት ክፍል ሳይሆን ከመግቢያ ቢሮ ነው። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከምሥራቅ አውሮፓ የፈለሱ የአይሁድ ቤተሰቦች ልጆች የመግቢያ ፈተናውን በብዛት ማለፍ በጀመሩ ጊዜ፣ አንዳንድ የታወቁ ኮሌጆች በፈተና ብቻ መቀበልን ተዉ። ኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. በ1919 ገደማ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ ትውልድ ስፍራ የሚጠይቅ ማመልከቻ ማስሞላት ጀመረ፤ ሃርቫርድም በ1920ዎቹ «ጠባይ»ን ከመመዘኛዎቹ አንዱ አደረገ። ጄሮም ካራቤል እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው ሰፊ የታሪክ ጥናት እንዳስረዳው፣ ከዓላማዎቹ አንዱ የአይሁዳውያንን ቁጥር መቀነስ ነበር። የአመልካች ማንነት በወረቀት መመዘን የጀመረው በዚህ ዐይነት ሁኔታ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዓላማው ተለውጧል፤ ልማዱ ግን ሥር ሰድዷል። እ.ኤ.አ. በ1975 ዐሥራ አምስት የግል ኮሌጆች በአንድ የጋራ ማመልከቻ መጠቀም ጀመሩ። ይህ ማመልከቻ ዛሬ እጅግ ብዙ ኮሌጆችን የሚያገለግል ሲሆን፣ የሚጠይቀው የግል ጽሑፍ ርዝመት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ከ250 እስከ 650 ቃላት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ዘርን በመግቢያ መመዘኛነት መጠቀምን ሲከለክል፣ አመልካቹ ዘሩ በሕይወቱ ላይ ያሳደረውን ነገር በጽሑፉ ቢተርክ ኮሌጁ ሊመለከተው እንደሚችል በውሳኔው አመልክቷል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የስደተኛ ልጆችን ለማስቀረት ያገለገለው የማንነት መጠይቅ፣ ዛሬ የስደተኛ ልጅ የሄደበትን መንገድ በራሱ ቃል ሊያስረዳ የሚችልበት ገጽ ሆኗል ማለት ይቻላል።

በእንግሊዝኛ ክፍል ሁለቱ ሥራዎች የሚገናኙት በዚህ ነጥብ ላይ ነው። መምህሩ አጭር ልብ ወለድ ሲያስነብብ ያስተማረውን፣ ማለትም በአንድ ትዕይንት መጀመርን፣ መቼትን በጥቂት ቃላት ማሳየትን፣ ንግግርን በቦታው ማስገባትን፣ ለግል ጽሑፉም እንዲጠቀሙበት ይመክራል። ተማሪው ከልብ ወለድ የአተራረክ ስልቱን ይዋሳል። የማይዋሰው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የመፍጠር ፈቃድ ነው። ደራሲ ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ ቢጽፍ ይመሰገናል፤ አመልካቹ ግን ያቀረበው ሁሉ እውነትና የራሱ ሥራ መሆኑን በፊርማው ያረጋግጣል።

አሁን «የኮሌጅ ድርሰት» የሚለውን ትርጉም እንመልከት። «ድርሰት» ከግእዙ «ደረሰ» የወጣ የተከበረ ቃል ነው፤ «ደራሲ»ና «ድርሳን» የሥሩ ልጆች ናቸው። ነገር ግን በዛሬው አማርኛ ድርሰት በቅድሚያ የሚያሳስበው የፈጠራ ሥራን ነው። ከዚህም አልፎ አንድ ሰው የተናገረውን ሳናምነው ስንቀር «ይህ የራሱ ድርሰት ነው» እንላለን። እንግዲህ በአማርኛ በተጻፈ ማስታወቂያ ልጃቸው «ድርሰት» እንዲጽፍ መጠየቁን ያነበቡ ወላጅ፣ «አንድ የሚያሳዝን ታሪክ ፍጠርና ጻፍ» ብለው ቢመክሩት ጥፋቱ የእርሳቸው አይደለም፤ ቃሉ የነገራቸው ይህንኑ ነው። ውጤቱ ግን የልጁን እምነት የሚያስጠረጥርና የመግቢያ ዕድሉን የሚያሳጣ ሊሆን ይችላል። የስያሜ ጉዳይ የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

7. የአቻ ስያሜዎች ሐሳብ

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ ተነሥተን የሚከተሉትን አቻዎች ለውይይት እናቀርባለን።

ሀ) «ወግ»፦ ለሞንቴኝ ዐይነቱ፣ ጸሐፊው እየተጫወተ ለሚመረምርበት ሥነ ጽሑፋዊ ኤሴይ። ይህን አጠቃቀም መስፍን ሀብተማርያም «የቡና ቤት ሥዕሎችና ሌሎችም ወጎች» በተባለው መድበላቸው አስለምደውታል። ለማመልከቻው ጽሑፍ ግን አይስማማም፤ «ለወግ ያህል» የሚለው አነጋገር እንደሚያሳየው ቃሉ ይስሙላንም ያመለክታልና።

ለ) «ድርሰት»፦ ለፈጠራ ጽሑፍና ተማሪው በምናቡ ለሚጽፈው የክፍል ሥራ ብቻ።

ሐ) «መጣጥፍ»፦ ማስረጃ እያቀረበ ለሚከራከር ጽሑፍ። የአጭር ልብ ወለድ ትንተና ሲሆን «ትንተናዊ መጣጥፍ» ማለት ይቻላል። ቃሉ የወጣበት «ጣፈ» ጻፈ ማለትም፣ እራፊ ሰፋ ማለትም ነው፤ ጸሐፊው የሰበሰባቸውን ማስረጃዎች እየገጣጠመ አንድ ልብስ ማድረጉን በመልካም ያሳያል። ቃሉ ለጋዜጣና ለመጽሔት ጽሑፍ ማገልገሉ እንቅፋት አይሆንም፤ ሁለቱም በእውነት ላይ የቆሙ ናቸው።

መ) «የፈተና ጽሑፍ»፦ በተወሰነ ሰዓት፣ በተሰጠ ርእስ ላይ ለሚጻፈው።

ሠ) «ግለ መጣጥፍ»፦ አመልካቹ ለኮሌጅ ስለ ራሱ ለሚጽፈው። ቅጥያው በ«ግለ ታሪክ» የታወቀ በመሆኑ አንባቢው ይዘቱ የጸሐፊው የራሱ እውነተኛ ሕይወት መሆኑን ወዲያው ይረዳል፤ «መጣጥፍ»ም ከፈጠራ ይለየዋል። ከመላ ሕይወት ታሪክ ጋር እንዳይምታታ ደግሞ በመጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ «ለኮሌጅ መግቢያ የሚቀርብ ግለ መጣጥፍ» ተብሎ ቢጻፍ ይበቃል።

«ሙከራ» የሚለው ቀጥተኛ ትርጉም ለምን ቀረ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ሙከራ በትምህርት ቤቶቻችን ለቤተ ሙከራ ሥራ የተያዘ ስለሆነ፣ በሥርወ ቃሉ ትክክል ቢሆንም በአገልግሎቱ ያሳስታል። «ኤሴይ»ን እንዳለ መዋስም ችግሩን አይፈታውም፤ ሦስቱን ሥራዎች እንደተምታቱ ወደ ቋንቋችን ያስገባቸዋልና።

እነዚህ አቻዎች የሚጸኑት በመዝገብ ስለሠፈሩ ሳይሆን በሥራ ላይ ሲውሉ ነው። የአማርኛ መምህሩ ለድርሰት ክፍለ ጊዜና ለመጣጥፍ ክፍለ ጊዜ የተለያየ መመሪያ ቢሰጥ፣ የእንግሊዝኛ መምህሩም በአማርኛ ሲያብራራ ይህንኑ ልዩነት ቢጠብቅ፣ ተርጓሚውም በማስታወቂያው ላይ «ግለ መጣጥፍ» ብሎ «እውነተኛና የተማሪው የራሱ ጽሑፍ» የሚል አንድ መስመር ቢጨምር፣ ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ስለ አንድ ሥራ በአንድ ቃል መነጋገር ይችላሉ። የአንባቢዎቻችን አስተያየትና ከክፍል የሚገኘው ልምድ ሐሳቡን እንደሚያሻሽሉት እናምናለን።